ስለ እንጨት ቶርኖ አመራረጥና አተካከል



የእንጨት ሠራተኛ ከሚገለገልባቸው መሣሪያዎች ብዙዎቹ፣ መጥረቢያውም መጋዙም መላጊያውም፣ እንጨቱ ጸንቶ በተቀመጠበት እነርሱ ወደ እርሱ እየሄዱ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ቶርኖ ግን ይህን ሥርዐት ገልብጦ እንጨቱን በዘንግ ላይ አስሮ ያሽከረክረዋል፤ ስለቱም በሠራተኛው እጅ ሆኖ የሚዞረውን እንጨት ይቀበለዋል። ጥበቡ ጥንታዊ ነው። በግብፅ አገር ቱና ኤል ገበል በተባለው ስፍራ፣ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ300 ዓመት ገደማ በታነጸው በካህኑ በፔቶሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ አንድ ሰው ገመድ ወዲያና ወዲህ እየሳበ እንጨት ሲያዞር ሌላው ስለት ይዞ ሲቀርጽ የሚያሳይ ምስል ይገኛል። ዘመናት ካለፉ በኋላ ደግሞ ቶርኖ እንጀራቸውን በእርሱ ከሚበሉት ጠበብት እጅ ወጥቶ የመኳንንትና የሊቃውንት የዕረፍት ሥራ ሆነ። ሻርል ፕሉሚዬ የተባለው ፈረንሳዊ መነኵሴ፣ ዕፀዋትን የሚመረምር ሊቅ ስለ ነበረ ፕሉሜሪያ የተባለችው መዓዛማ አበባ በስሙ የተጠራችለት፣ ስለዚህ ጥበብ በሥዕል የተብራራ ታላቅ መጽሐፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1701 ዓ.ም. በልዮን ከተማ አሳትሟል፤ የመስኮቡ ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስም ከመንግሥቱ ሥራ ፋታ ሲያገኝ፣ አንድሬ ናርቶቭን የመሰለ ብልኅ ጠቢብ አጠገቡ አድርጎ፣ በቶርኖ ላይ ቆሞ እንጨትና የዝሆን ጥርስ ይቀርጽ ነበር።

እንግዲህ እኔም ዛሬ የምናገረው ሙያው ለሆነው ሰው አይደለም፤ እርሱ ከእኔ ይልቅ በእጁ ያውቀዋልና። ቀኑን በጽሕፈት ቤት ወይም በትምህርት ቤት ወይም በሱቅ ውሎ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በግቢው ጥግ ባለች ክፍል ውስጥ ሳሕንና ዋንጫ፣ የመቅረዝ እግርና የመሮ እጀታ ለመቅረጽ ለሚመኘው ሰው እናገራለሁ። ለዚህም ሰው አስቀድሜ የምነግረው አንድ ነገር አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ የምለው ሁሉ የዚሁ ትርጓሜ ነው። የቶርኖን የሚዞር ክፍል ሁሉም ያየዋል፣ ስለ እርሱም ይጠይቃል፤ የሥራውን ማማርና የሠራተኛውን ደኅንነት የሚወስነው ግን የማይነቃነቀው ክፍል ነው። ሻጭ የሞተሩን ጉልበትና የዙሩን ብዛት ሲያወድስ፣ ገዢ የአልጋውን ውፍረት፣ የእግሩን ክብደትና መኪናው የሚተከልበትን ወለል ጽናት ሊመረምር ይገባዋል።

የመኪናውን ክፍሎች ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በግራ በኩል ሞተሩና ዘንጉ ያሉበት ራስ የተባለው አለ፤ በቀኝ በኩል የእንጨቱን ሌላ ጫፍ በሹል ብረት ደግፎ የሚይዘው፣ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተተው ጭራ አለ፤ ሁለቱም የተቀመጡበት ረጅሙ ብረት አልጋ ይባላል። በመካከል መሮው የሚደገፍበት ማሳረፊያ አለ፤ እርሱም እንደ ሥራው ከፍ ዝቅ፣ ቀረብ ራቅ ይላል። ከዚህ የቀረው ሁሉ የእነዚህ አገልጋይ ነው።

ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ሰውየው ምን ሊቀርጽ እንደሚፈልግ ከራሱ ጋራ ይምከር። የወንበር እግርና የደረጃ መደገፊያ የሚወድ ሰው ርዝመት ያስፈልገዋል፤ ሳሕንና ገበታ የሚወድ ሰው ስፋት ያስፈልገዋል፤ የቼዝ ንጉሥና ንግሥት፣ እንዝርትና ብዕር የሚወድ ሰው ደግሞ ከሁለቱም ጥቂት ይበቃዋል። በመጠን አነጋገር ላይ ግን ብዙ ገዢ የሚያሳስት ነገር አለ። አሜሪካውያን የመኪናውን ልክ ሲናገሩ በአልጋው ላይ ሊዞር የሚችለውን የትልቁን ክብ ሙሉ ስፋት ሲጠሩ፣ እንግሊዞች ከዘንጉ መካከል እስከ አልጋው ያለውን፣ ማለት እኩሌታውን፣ ሲጠሩ የኖሩ ናቸውና፣ በአሜሪካው መዝገብ 12 ኢንች የተባለውና በእንግሊዙ መዝገብ 6 ኢንች የተባለው መኪና አንድ ልክ ናቸው፤ ሁለቱም 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሳሕን ያዞራሉ። ደግሞም የመሮው ማሳረፊያ እግር በአልጋው ላይ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ በእርሱ ላይ የሚያልፈው እንጨት ስፋት በመዝገቡ ከተጻፈው ያነሰ ነው።

ትንሹ ዐይነት ቶርኖ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚያዞርና ከ30 እስከ 45 ኪሎ የሚመዝን፣ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነው። መካከለኛው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ያዞራል፤ በሹሎቹ መካከል ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ ክብደቱም 50 ኪሎ ዐልፎ ይሄዳል። ትልቁ ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ ስፋትና አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ከ150 እስከ 300 ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል፤ የሚነሣውም ጎረቤት ሁሉ ተጠርቶ ነው። የእኔን ፍርድ የጠየቀኝ ቢኖር፣ ቦታና ገንዘብ የጠበበው ሰው መካከለኛውን ይግዛ፣ ሰፋ ያለለት ደግሞ ከአዲስ ቀላል መኪና ይልቅ ያረጀ ከባድ መኪና ይምረጥ እለዋለሁ። ያረጀ ኩሽኔታ ይለወጣል፤ ቀጭን አልጋ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ቀጭን ነው።

ስለ ክብደት ይህን ያህል የምደክመው በምክንያት ነው። ገና ያልተስተካከለ ጉማጅ እንጨት በዘንጉ ላይ ሲታሰር አንዱ ወገኑ ከሌላው መክበዱ አይቀርም። ከመካከሉ 10 ሳንቲ ሜትር በራቀ ስፍራ 100 ግራም ብቻ ትርፍ ክብደት አለበት እንበል። ይህ እንጨት በደቂቃ 1000 ጊዜ ሲዞር፣ ያቺ 100 ግራም ዘንጉን 11 ኪሎ በሚመዝን ኀይል ትስበዋለች፤ ዙሩ ወደ 2000 ሲያድግ ግን ኀይሉ በእጥፍ አይወሰንም፣ አራት እጥፍ ሆኖ ወደ 45 ኪሎ ይጠጋል፤ ከመካከል የሚሸሸው ኀይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋራ የሚያድግ ስለ ሆነ ነው። ይህም መሳብ አንድ ጊዜ ሆኖ የሚቀር አይደለም፤ በአንዲት ሴኮንድ 33 ጊዜ አቅጣጫውን እየለወጠ መኪናውን ይንጠዋል። መኪናው ቀላል የሆነ እንደ ሆነ በወለሉ ላይ መንፏቀቅ ይጀምራል፤ መሮውም ይንቀጠቀጣል፤ በእንጨቱ ገጽ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ቢፈጭበት የማይጠፋ የሞገድ ምልክት ይቀራል። በዚህ ጊዜ ጀማሪው መሮውን ወይም እጁን ይከስሳል፤ ጥፋቱ ግን የመኪናው የመቀመጫ ጥፋት ነው።

ለዚህ ነው አልጋው ከጊዛ፣ ማለት ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ከፈሰሰው ብረት፣ ቢሆን የሚመረጠው። በዚህ ዐይነት ብረት ውስጥ እንደ ቅርፊት የተነባበሩ የግራፊት ፍንጣሪዎች ስላሉበት፣ ንዝረቱን ተቀብሎ ያበርደዋል፤ ከቀጭን ቱቦ ወይም ከታጠፈ ቆርቆሮ የተሠራው አልጋ ግን የተመታውን ሁሉ እንደ ከበሮ መልሶ ያሰማል። በሱቅ ውስጥ ይህን ለመፈተን ጥበብ አያስፈልግም፤ አልጋውን በቁልፍ እጀታ መታ አድርጎ ማዳመጥ ይበቃል። የታፈነ ድምፅ የሰጠው ይሻላል።

ወደ ሞተሩ እንምጣ። ለትንሹ መኪና የፈረስ ጉልበት እኩሌታ፣ 370 ዋት ያህል ማለት ነው፣ ለመካከለኛው ከሦስት አራተኛ እስከ አንድ የፈረስ ጉልበት ይበቃል፤ አንዱ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት መሆኑን ታስታውሳላችሁ። በአዲስ አበባ የምንኖር ሰዎች ግን ከዚህ ላይ ጥቂት መጨመር አለብን፤ ምክንያቱም የኤሌክትሪክ ሞተሮች በተለመደው የፋብሪካ ደንብ ከባሕር ወለል እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ድረስ እንዲሠሩ ታስበው የሚበጁ ሲሆኑ፣ ከተማችን ከዚያ ሁለት እጥፍ በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናትና፣ የሳሳው አየር ሞተሩን እንደ ቆላው አየር አያቀዘቅዘውም። ብርዳችን ጥቂቱን ይክሳል፤ ሁሉን ግን አይክስም። ሞተሩ እጅ ሲያስቀምጡበት የሚያቃጥል እንደ ሆነ ሥራውን አቁሞ ማሳረፍ ነው።

ከዚህ ጋራ የተያያዘ ሌላ ነገር አለ፤ በተለይም በአሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ስሙኝ። በዚያ አገር የቤት መብራት 120 ቮልትና 60 ሄርዝ ሲሆን የእኛ 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። ዘመድ በኮንቴነር የላከው መኪና በደረሰ ጊዜ ብዙ ሰው ትራንስፎርመር ገዝቶ ነገሩን የጨረሰ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጥ እንጂ ሄርዙን አይለውጥም። ስለዚህ በዚያ 1725 ዙር የነበረው ተራ ሞተር በዚህ ከስድስት አንድ እጁን ያህል ፍጥነት ያጣል፤ ከዚያ የሚከፋው ግን ከልኩ በላይ እየጋለ ዕድሜው ማጠሩ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ያን ሞተር አውርዶ የእኛን መብራት የሚቀበል ሌላ ሞተር መተካት ነው፤ ሞተሩም ፑሌጃውም ቺንጋውም ከመርካቶ አይጠፋም። በኤሌክትሮኒክ መቈጣጠሪያ የሚሠራ መኪና ከሆነ ደግሞ፣ ሶኬት ውስጥ ከመሰካቱ በፊት በላዩ የተለጠፈውን ሰሌዳ በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል።

ስለ ፍጥነት ጀማሪዎች ሲጠይቁ ሁልጊዜ የሚሰማው ጥያቄ «እስከ ስንት ይዞራል?» የሚል ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ከስንት ይጀምራል?» መሆን ነበረበት። በቀራጮች ዘንድ የተለመደው ልክ የእንጨቱ ስፋት በኢንች ተቈጥሮ በደቂቃ ዙሩ ሲባዛ ከ6000 እስከ 9000 ባለው መካከል እንዲውል ነው፤ በሜትር ለምንቈጥር ለእኛ 150 ሺህን በሚሊ ሜትር በተለካው ስፋት ማካፈል ዝቅተኛውን፣ 230 ሺህን ማካፈል ከፍተኛውን ዙር ይሰጠናል። እንግዲህ 300 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሳሕን ከ500 እስከ 760 ዙር ያህል ይፈልጋል፤ ይህም ተስተካክሎ ክብ ከሆነ በኋላ ነው እንጂ፣ ገና ጥሬ ጉማጅ ሳለ መኪናው ባለው በመጨረሻው ዝቅተኛ ዙር መጀመር ግዴታ ነው። ዝቅተኛው ዙሩ 700 ወይም 800 የሆነ ርካሽ መኪና እንግዲህ ለእጀታና ለእንዝርት ሊያገለግል ይችላል፤ ለትልቅ ሳሕን ግን አይገዛም። በሌላ ወገን፣ ያው 30 ሳንቲ ሜትር ሳሕን በስሕተት በ3000 ዙር ቢነሣ፣ ጠርዙ በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ይበርራል፤ ከዚያ ቢላቀቅ በፊቱ የቆመውን ሰው ምን እንደሚያገኘው መናገር አያሻኝም።

ዙር የሚለወጠው ቺንጋን ከአንዱ ፑሌጃ ወደ ሌላው በማዛወር ወይም በኤሌክትሮኒክ መቈጣጠሪያ ነው። የመጀመሪያው ያደክማል፤ ሁለተኛው ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ በቺንጋ ዙሩን ስንቀንስ የዘንጉ የመጠምዘዝ ኀይል በዚያው መጠን ሲጨምር፣ በኤሌክትሮኒክ ስንቀንስ ግን አይጨምርም፤ ትልቅ ሳሕን በዝግታ ሲቀረጽ መሮው በጫነው ቍጥር ዘንጉ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱንም አጣምሮ የያዘ፣ ማለት ሁለት ወይም ሦስት የቺንጋ ደረጃና መቈጣጠሪያ ያለው መኪና ከተገኘ ሌላ አይፈለግ።

አሁን ገዢው ያገለገለ መኪና ፊት ቆሟል እንበል። ቺንጋውን አላልቶ ዘንጉን በእጁ ያዙረው፤ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ቢሰማ ኩሽኔታው አልቋል። ከዚያ ዘንጉን ይዞ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይነቅንቀው። ጭራውን አምጥቶ ሹሉን ከራሱ ሹል ጋራ አፍንጫ ለአፍንጫ ያጋጥመው፤ ሁለቱ ጫፎች በአንድ ነጥብ ካልተገናኙ ምክንያቱን ሳያውቅ ገንዘብ አይቍጠር። ጊዛ በብየዳ በቀላሉ የማይድን ስለ ሆነ፣ ቀለም የተደረበበትን ስንጥቅ በማጉያ መነጽር መፈለግ ኀፍረት አይደለም። በመጨረሻም የዘንጉን የብሎን ጥርስ ይለካ። በትንንሾቹ የአሜሪካ መኪናዎች አንድ ኢንች ውፍረትና በኢንች 8 ጥርስ፣ በብዙዎቹ ያውሮፓ መኪናዎች 33 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 3.5 ሚሊ ሜትር የጥርስ ርቀት የተለመደ ነው፤ ከእነዚህ ውጭ የሆነ ጥርስ ያለው ዘንግ እንጨቱ የሚታሰርበትን መንጋጋና ሰሌዳ ለማግኘት ያንከራትታል። በዘንጉ ውስጥ ያለው ሾጣጣ ቀዳዳም ሞርስ የሚባለው፣ ቍጥሩ 2 የሆነው ቢሆን መልካም ነው።

በምናለሽ ተራና በየብየዳ ቤቱ ከቱቦና ከአሮጌ ሞተር የሚበጅ ቶርኖም አለ። አልንቀውም። ለጠረጴዛ እግር የሚበቃውን ሥራ ይሠራል፤ ርካሽም ነው። የሚበጅለት ሰው ግን በዘንጉ ላይ የታወቀ ልክ ያለው የብሎን ጥርስ እንዲወጣለትና አልጋው ከወፍራም ብረት እንዲሆን አስቀድሞ ይዋዋል። ጨርሶ መብራት የማይፈልግም አለ፤ ቀጭን የባሕር ዛፍ አጣና ከላይ ተወጥሮ፣ ገመዱ በእንጨቱ ላይ አንድ ጊዜ ተጠምጥሞ ወደ እግር መርገጫ ሲወርድ፣ እግር ሲጫን እንጨቱ ወደ ሠራተኛው ይዞራል፣ እግር ሲነሣ አጣናው ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ስለቱ የሚቈርጠው እግሩ ሲጫን ብቻ ስለ ሆነ የጊዜው እኩሌታ ያለ ሥራ ያልፋል። ነገር ግን እርጥብ እንጨት በዚህ መኪና ሲቀረጽ ማየት ራሱ ትምህርት ነው፤ እጅም ስለት ምን እንደሚፈልግ ከዚህ በላይ በምንም አይማርም።

ገንዘቡን ሁሉ በመኪናው ላይ የሚያፈስስ ሰው ቶርኖ ገዛ እንጂ ቅርጽ አልገዛም። ካለው ገንዘብ ሲሶውን፣ ቢቻል እኩሌታውን፣ ለመሮ፣ ለመሳያና ለእንጨት ማሰሪያ ያስቀምጥ። ከመሮዎች ለመጀመሪያው ዓመት አራት ይበቃሉ፤ ለረጅም እንጨት ሰፊ ጎድጓዳ መሮ፣ ለሳሕን ከዱላ ብረት የተቀረጸ ወፍራም ጎድጓዳ መሮ፣ አንድ መቍረጫና አንድ መፋቂያ። ሰያፉ መሮ ከሁሉ ይልቅ ለስላሳ ገጽ ይሰጣል፤ ከሁሉ ይልቅም ጀማሪን ያስቀይማል፤ ስለዚህ ይቈይ። ሰፊውን ጎድጓዳ መሮ በሳሕን ላይ መጠቀም ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ወደ እጀታው የሚገባው ጅራቱ ቀጭን ስለ ሆነ፣ በሳሕኑ እየተፈራረቀ በሚመጣው ጐንና ጫፍ ሲመታ ይሰበራልና። ብረታቸው ግለትን የሚችለው ፈጣን ብረት የተባለው ይሁን፤ ተራው የካርቦን ብረት በመሳያ ድንጋይ ላይ ሰማያዊ እስኪሆን ከጋለ ጥንካሬው ይጠፋል። መሳያውም ነጭ ድንጋይ ያለውና በደቂቃ 1400 ያህል የሚዞረው ቢሆን ከ2800ው ይመረጣል። የደነዘ መሮ ይዞ ቶርኖ ላይ የሚቆም ሰው እንጨቱን ይቦጭቀዋል እንጂ አይቀርጸውም። ባለ አራት ጥርስ መንጋጋ መልካም ዕቃ ነው፤ ዋጋው የከበደው ሰው ግን እንጨቱ በብሎን በሚታሰርበት ክብ ሰሌዳ መጀመር ይችላል፤ ከመንጋጋ በፊት የነበሩት ቀራጮችም ይህንኑ ይዘው ድንቅ ነገር ሠርተዋል።

መኪናው ወደ ቤት ገባ። አሁን የሚቀረው መትከል ነው፤ እኔም ከምርጫው ይልቅ ይህን እፈራዋለሁ፤ መልካም መኪና በክፉ አተካከል ሲበላሽ ብዙ ታይቷልና።

ወለሉ ሲሚንቶ ቢሆን ይመረጣል፤ የሳንቃ ወለል ራሱ ይዘላል። ከፍታው የሚለካው በሠራተኛው ቁመት ነው፤ በሥራ ጫማው ቆሞ ክንዱን ሲያጥፍ የዘንጉ መካከል ከክርኑ ጋራ ቢስተካከል፣ ወይም ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ወገቡ ይድናል። ከፋብሪካው የሚመጣው እግር ለብዙ ሰው አጭር ነውና፣ ከሥሩ ጠንካራ ጉማጅ መደልደል የተለመደ ነው። በአንድ መኪና ረጅምና አጭር ሰው የሚሠሩ ከሆነ በረጅሙ ልክ ይተከል፤ ለአጭሩ መቆሚያ ሳንቃ ማበጀት ረጅሙን ከማጉበጥ ይሻላል።

አራቱ እግሮች ወለሉን እኩል መርገጥ አለባቸው። እዚህ ላይ ትዕግሥት የሌለው ሰው የሚያደርገውን ልንገራችሁ፤ ሦስቱ እግሮች ረግጠው አራተኛው ሲንጠለጠል፣ ብሎኑን በኀይል አጥብቆ ያወርደዋል። መኪናው መወዛወዙን ያቆማል፤ አልጋው ግን ተጣምሟል፤ የራሱና የጭራው ሹሎችም ከዚያ ቀን ጀምሮ አይተያዩም። የሚገባው፣ ከተንጠለጠለው እግር ሥር ልኩ የሆነ ቆርቆሮ ወሽቆ፣ ውሃ ልኩን በአልጋው ላይ አግድም በራሱ በኩልም በጭራው በኩልም አስቀምጦ ሁለቱ ንባብ አንድ እስኪሆኑ ማስተካከል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ብሎኑን ማጥበቅ ነው። መኪናው ጥቂት ወደ አንድ ወገን ቢያዘነብል አይጎዳም፤ ሁለቱ ጫፎች በተለያየ አኳኋን ቢያዘነብሉ ግን ይጎዳል። በመጨረሻም ሹሎቹን እንደገና ማጋጠም፤ ወደ ጐን ከተላለፉ የራሱን ብሎኖች አላልቶ ማቃናት፣ ከፍ ዝቅ ካሉ ከዝቅተኛው ሥር ስስ ቆርቆሮ መጨመር ይቻላል።

መኪናው ቀላል የሆነበት ሰው በእግሮቹ መካከል ከሳንቃ ሣጥን ሠርቶ በአሸዋ ይሙላው። 100 ኪሎ አሸዋ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከመኪናው ዋጋ ሌላ እጥፍ ቢጨመርም የማይገኘውን ጽናት ይሰጣል። አሸዋው ግን ይድረቅ፤ እርጥብ አሸዋ ብረት ይበላል።

የመኪናው ጀርባ ወደ ግድግዳ ቢቀርብ አይከፋም፤ የጭራው ወገን ግን ክፍት ይሁን፣ ረጅም መሰርሰሪያ በዚያ ይገባልና። መብራት ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጐንም ይምጣ፤ በገጹ ላይ የቀረች ቡጭርታ የምትታየው በጥላዋ ነው። የመሬት ሽቦ ሳይታሰር ሞተር አይነሣ። ማብሪያ ማጥፊያውንም ስለት የያዘው ሰው የሚዞረውን እንጨት ሳይሻገር በሚደርስበት ስፍራ ማድረግ ያስፈልጋል። መብራት በሚጠፋበትና በድንገት በሚመለስበት አገር ደግሞ፣ መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚዘጋና ሲመጣ በእጅ ካልተጫኑት የማይነሣ ማብሪያ መግጠም እጅግ አስፈላጊ ነው፤ ሰውየው በጨለማ መንጋጋውን ሲፈታ መኪናው ቢነሣበት ቁልፉ የት እንደሚበርር እርሱም አያውቅም።

ስለ ልብስ ነገሩ አጭር ነው። ጓንት አይደረግም፤ እጅጌ እስከ ክርን ይጠቀለላል ወይም ይጠባል፤ ሐብልና ክራባት ይወልቃሉ፤ ጠጕር ይታሰራል፤ ነጠላና ሻርፕ ከመኪናው ክፍል ውጭ ይቀራሉ። መነጽር ዐይንን ብቻ ይጠብቃል፤ ፊትን ሁሉ የሚሸፍን ጋሻ ያስፈልጋል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ትቢያን ካንሰር አምጪ ከሆኑት ነገሮች መካከል ስለ መደበው፣ በተለይ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈጭ አፍና አፍንጫ በደንብ ይሸፈኑ። የጥድ መዓዛ ቢያስደስትም ትቢያው ሳንባን ያስቈጣል።

እንጨቱን በሚመለከት አገራችን ባለጸጋ ናት፤ ባለጸግነቷ ግን እያለቀ ነው። ዋንዛ ለጀማሪ የተፈጠረ ይመስላል፤ ለስለስ ያለ፣ ቀለሙ ያማረ፣ ከበሮውም የጅማው ወንበርም የሚሠራበት ነው። ወይራ ጠጣርና ከባድ ሆኖ ስለቱን ቶሎ ያደነዝዛል፤ የሚሰጠው ገጽ ግን ያለ ቀለም ያበራል። እነዚህን ዛፎች ለቅዳሜ ጨዋታ ሲሉ መቍረጥ ሕግም ሕሊናም አይፈቅዱም፤ ነፋስ የጣለው፣ ለግንብ የተነሣ፣ ከአጥር የተገረዘ ሁሉ ይበቃል። ግራቪሊያና አቮካዶ በየግቢው አሉ። ባሕር ዛፍ እንደ ልብ ይገኛል፤ በውስጡ ውጥረት ስላለበት ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። እርጥብ እንጨት የሚቀርጽ ሰው ሳሕኑን በመጀመሪያ ወፍራም አድርጎ፣ የጐኑ ውፍረት ከስፋቱ ዐሥር አንድ እጅ ያህል እስኪሆን ቀርጾ ይተወው፤ ጫፉን ሰም ቀብቶ በጥላ ለወራት ያድርቀው፤ ከተጣመመ በኋላ እንደገና አስሮ ይጨርሰው። ሲያልቅ የተልባ ዘይትና የማር ሰም ከብዙ የውጭ ቅባት የሚያንስ አይደለም።

የመጀመሪያው ሥራ ሳሕን አይሁን። አንድ ደረቅ የዋንዛ ጉማጅ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ በሁለቱ ሹሎች መካከል ይታሰር፤ ማሳረፊያው ከእንጨቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ መኪናው ከመነሣቱ በፊት እንጨቱ በእጅ አንድ ዙር ሙሉ ይዙር፤ ምንም ካልነካ በዝቅተኛው ዙር ይነሣ፤ ሠራተኛውም ከእንጨቱ አቅጣጫ ፈንጠር ብሎ ይቁም። መሮው ማሳረፊያውን አስቀድሞ ይንካ፣ ቀጥሎ የስለቱ ጀርባ እንጨቱን ይታከክ፣ ከዚያ እጀታው በዝግታ ሲነሣ ስለቱ መብላት ይጀምራል። ከዚህ ጉማጅ የሚወጣው ለሰውየው ለራሱ መሮ የሚሆን እጀታ ነው።

እዚህ ላይ በቃል የሚነገረው አበቃ፤ የቀረው በእጅ የሚታይ ነው። መኪናው ከአዳራሹ በስተጀርባ ባለው ክፍል ተተክሎ ይጠብቀናል። እጅጌያችሁን ሰብስቡ፤ ነጠላችሁንም እዚሁ ወንበራችሁ ላይ ትታችሁ ተከተሉኝ።